ቦርጫሙን ያፈለስኩበት ጥቅምት

ያን ሰሞን ዕቃ እያሰርኩ ነበር። በሩን ዘግቼ፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ቀስ እያልኩ ነው የማስረው። ስልሳን ያለፈች ሴት ከገዛ ቤቷ ተደብቃ ልትወጣ ስትዘጋጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ያን ጊዜ ብታዩኝ ትስቁብኝ ነበር።

የሺ እባላለሁ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ተማርኩ፣ እዚሁ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ታይፕ ስደበድብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባሌ ተፈራ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። አንዲት ልጄ ሜሮን አዳማ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች፤ “እማዬ፣ ነይ” ማለቷን አንድ ቀን አቁማ አታውቅም። መንገዱ ሲዘጋ ታለቅሳለች፣ ስልኩ ሲጠፋ ታለቅሳለች። ጊዳ አያና የነበረችው እህቴ የለበሰችውን ብቻ ይዛ ደጄ የደረሰች ጊዜማ አይነሳ። እህቴ ወደ ልጆቿ ሄደች፤ እኔ ግን እንቢ አልኩ። እንቢ አልኩ፣ እንቢ አልኩ፣ በመጨረሻ ደከመኝ። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ዜና መስማት ደከመኝ። ለአንድ አፍ ወጥ መሥራት ደከመኝ። ማታ ማታ በር መቆለፍ ራሱ ደከመኝ። “እሺ፣ እመጣለሁ” አልኳት።

ለማንም አልነገርኩም። ለማንም ስል ለአዴ ጫልቱ ማለቴ ነው። ሌላውማ ምን አገባው።

አዴ ጫልቱ፣ በአማርኛ እትዬ ጫልቱ እንደማለት ነው፣ የአጥር ጎረቤቴ ናት። ሁለታችንም ሙሽሮች ሆነን ነው እዚህ ሰፈር የገባነው፤ ሁለታችንም እዚሁ ባሎቻችንን ቀበርን። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እሷ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ መሐል ላይ ደግሞ እንለዋወጣለን። በመካከላችን ያለው አጥር ለስሙ ነው እንጂ አጥር አይባልም፤ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው ሥር ደግሞ ሰማያዊ ሳፋዬ ይቀመጣል።

የሳፋውን ነገር ላስረዳችሁ። ከጓዳዬ የሚወጣ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የበቆሎ ቅጠል፣ ሁሉ እዚያ ሳፋ ውስጥ ይገባል። አዴ ጫልቱ ከወዲያ እጇን ሰድዳ ታነሳዋለች፣ ለላሟ ለቡሬ ትሰጣለች፣ ሳፋውን አጥባ ትመልሳለች። አትጠይቅም፣ አልጠየቅም። ባዶውን ግን መልሳው አታውቅም። ወይ ወተት፣ ወይ አይብ፣ ጠፋ ከተባለ ሁለት ቃሪያ ይኖርበታል። ባዶ ዕቃ መመለስ በእሷ ቤት ነውር ነው።

ቡሬ ዥጉርጉር የፈረንጅ ዲቃላ ላም ናት። የአዴ ጫልቱ ልጅ ኮሌጅ የገባችው በቡሬ ነው፤ ቤቱ ክዳን የተለወጠለት በቡሬ ነው፤ ጨውና ዘይቱም በቡሬ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቦርጫሙ ልምጣ። ቦርጫሙ ዛፍ ነው። ተፈራ ወደ ምሥራቅ ይመላለስ በነበረ ጊዜ ከጅጅጋ መንገድ በወተት ቆርቆሮ ተክሎ ያመጣልኝ የበረሃ ጽጌረዳ። ከላይ ቅጠሉም አበባውም ደህና ነው፤ ከሥሩ ግን ግንዱ አብጦ ሆድ አውጥቷል። ሰፈሩ ቦርጫሙ አለው። መጀመሪያ ዛፉን ይበሉ ተፈራን እንጃ፤ ሁለቱም ቦርጭ ነበራቸው።

የነቀምቴ ዝናብ ለበረሃ ልጅ አይሆንም። እዚህ አገር ዱላ ብትተክሉ ይበቅላል፤ ቦርጫሙ ግን ውሃ ሲበዛበት ከሥሩ ይበሰብሳል። ተፈራ በግማሽ በርሜል ተክሎ የጣራው ክፈፍ ሥር አስጠግቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ጠብታ ሳያቀምሰው ያሳልፈዋል። ከጥምቀት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ በርሜሉን ያገላብጥና ያፈልሰዋል፤ ሥሩን ይገርዛል፣ ቁስሉ ላይ አመድ ይነሰንሳል፣ ጥላ ላይ አድርቆ በአዲስ አሸዋ ይመልሰዋል። እንደ ሕፃን ነበር የሚይዘው። “ጥማት አይገድለውም፣ የሚገድለው ውሃ ነው” ይለኝ ነበር። ሲቆረጥ የሚወጣውን ነጭ ወተት ደግሞ በጣም ይፈራዋል። እጁን በፌስታል ይጠቀልላል፤ የተቆረጠውን ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራል። “በቆላ አዳኞች የቀስት ጫፍ የሚቀቡበት ነው፤ ከብት እንዳይቀምሰው” ይላል። እሱ ከሄደ በኋላ እኔም እንደዚያው ሳደርግ ኖሬአለሁ።

ያን ጥቅምት ግን የቸኮለች ሴት ነበርኩ። ግማሽ በርሜል በአውቶቡስ አይጫን። ትቼው ልሂድ ብዬ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከተፈራ የቀረኝ እሱ ነው። ስለዚህ አሳጥሬ፣ ሥሩን አሳንሼ፣ በባልዲ አድርጌ እግሬ ሥር ይዤው እሄዳለሁ አልኩ። ወቅቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ዝናቡም ጥሎ አልጨረሰም። ምን ላርግ፣ አውቶቡሱ ጥምቀትን አይጠብቀኝ።

ቢጫ ባልዲ ገዛሁ፤ ሚስማር አግዬ ታቹን በሳሳሁት። በርሜሉን በጎኑ አስተኝቼ በእግሬ ገፋሁት። አይ ዛፍ! ወገቤ እስኪቆረጥ ጎተትኩ፤ አፈሩን በዘነዘና እየነቀነቅሁ፣ ሥሩን ከቆርቆሮው እያላቀቅሁ በስንት መከራ ወጣ። ሲወጣ አንደኛው ወፍራም ሥር ለስልሷል፤ ስጫነው ጣቴ ገባ፤ ሽታውም ደስ አይልም። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቢላዋውን አመድ አስነክቼ ነጭና ጠንካራ ቦታ እስካገኝ ቆረጥኩ። ወተቱ ፈሰሰ። በአመድ አፈንኩት፣ ሆዱን በጨርቅ ጠረግሁ፣ ጆንያ ላይ አጋደምኩት። ከዚያ ቅርንጫፎቹን ቆረጥኩ፤ ረጃጅሞቹን ሁሉ፣ ቅጠላቸው እንደለመለመ። ለመቅበር እንዲመቸኝ ከታተፍኳቸው።

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ሌላው ዕቃ ሁሉ ታስሯል። ደጅ የቀረው ሰማያዊው ሳፋ ብቻ ነው፤ ውስጡም የጠዋቱ የጎመን ቅጠል አለ። “ጉድጓዱን እስክቆፍር” ብዬ የከተፍኩትን እሱ ውስጥ ጨመርኩት። ስልኬ ቤት ውስጥ ጮኸ። ሳፋውን አንስቼ፣ እጄ ከለመደው ቦታ፣ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩትና ገባሁ። አስቤ አይደለም። እዚያ ቦታ ዕቃ ሳስቀምጥ አስቤ አላውቅም።

ሜሮን ናት። ክፍሌን አሳምራለች፤ አልጋው በመስኮት በኩል ይሁን ወይስ በግድግዳ በኩል? የልጅ ልጄ ስልኩን ቀምታ ዘፈነችልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ቁጭ ካልኩ በኋላ መነሳት ከብዶኝ ነበር። ጨርሼ ዶማ ይዤ ወጣሁ።

ሳፋው ቦታው ላይ አለ። ታጥቧል። መሐሉ ላይ በንጹሕ ሳህን የተከደነ አንድ ብርጭቆ ወተት ተቀምጧል።

በስመ አብ! ዶማውን ጥዬ በቀዳዳው ስሾልክ ቀሚሴ ተቀደደ።

“አዴ! አዴ ጫልቱ! ሳፋው ውስጥ የነበረውን...”

በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን እያደራረቀች ነበር። “ኤዬ፣ አዎ፣ በላችው። ዛሬ ደግሞ ከየት ያገኘሽው ቅጠል ነው? ደስ ብሏት በላችው።”

“ሁሉን?”

“ወፈር ወፈር ያለውን ትታዋለች። ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።”

“መርዝ ነው፣ አዴ። የቦርጫሙ ነው። እኔ ነኝ ያኖርኩት።”

ሳቀች። የምቀልድ መስሏት እውነቷን ሳቀች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ፌስታል አየች፤ ፌስታሉ ላይ የደረቀውን ነጭ ነገርም አየች። “ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ” አለች፣ ቀስ ብላ፤ ወደ ቡሬም ዞረች። ቡሬ ምንም አልሆነችም። ጆሮዋን እያራገበች ታየናለች።

አንድ የእንስሳት ሐኪም አለ፤ አዴ ጫልቱ ቁጥሩ አላት። ደወልን። ሲሬ አካባቢ ሥራ ላይ ነው። የተፈራን ቃል ነገርኩት፣ ዛፉን እንደቻልኩ ገለጽኩለት። “እናቴ፣ በደንብ ያዳምጡኝ” አለኝ። “ልብ የሚይዝ መርዝ ነው። ላሟን እንዳታንቀሳቅሷት። እንዳትሮጥ፣ እንዳትነዳ፣ ከቆመችበት ፈቀቅ እንዳትል። ጥጃው እንዳይጠባት፤ ወተቷን ድፉት። ንጹሕ ከሰል አድቅቁና በውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ አጠጧት፤ እንዳያንቃት ተጠንቀቁ። እየመጣሁ ነው።”

ከሰል ወቀጥኩ። ያደረኩትን ሁሉ እያሰብኩ ወቀጥኩ። አዴ ጫልቱ ጥጃውን አርቃ አሰረችው። ያን ጥቁር ውሃ በጠርሙስ በአፏ ስናንቆረቁርላት ቡሬ ልትራገጥ ሞከረች፣ ኋላ ግን ተወችው። መተዋ ነው ያስፈራኝ። ወዲያው ምራቋ በክር በክር ይወርድ ጀመር። የኋላ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ሆዷ በግራ በኩል ተነፋ። ቀጥላ ተንበረከከችና ተኛች።

የሰፈር ሰው ተሰበሰበ። ከብት ሲታመም ማን ይጠራል፤ ሰው ራሱ ይመጣል። ከፊት የመጣው ኦቦ ገመቹ ነው፣ ከኛ በላይ ያለው ቤት ባለቤት። ደግ ሰው ነው፣ ከብትም ያውቃል። አየት አደረጋትና “ተነፍታለች” አለ። “ይሄ የታወቀ ነገር ነው። አስነሱልኝ፤ ዳገቱን ሦስት ጊዜ እናስሩጣትና ይወጣላታል። ዘይት አምጡ።”

ገመዱን አንገቷ ላይ ሊያስገባ ጎንበስ ሲል መሐላቸው ገባሁ።

“ኦቦ ገመቹ፣ አይንኳት።”

“የሺ፣ ዘወር በዪ። ሰዓት የለንም። እነዚህን ነገሮች እኔ አውቃለሁ።”

“የሚያውቁት በሽታ አይደለም። ብትሮጥ ልቧ ይቆማል።”

“ምን በልታ ነው ልቧ የሚቆመው?”

የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። “የኔን ዛፍ” አልኩ። “ቆርጬ ሳፋው ውስጥ ያደረኩትን።”

ከአጥሩ በኩል አንድ ድምፅ፣ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅሁም፣ ማወቅም አልፈልግም፣ “መርዝ አበላቻት በሉኛ” አለ። አየር ላይ የቀረ ቃል ነበር። እናንተ ሌላ አገር ያላችሁ ላይገባችሁ ይችላል። ባለፉት ዓመታት እዚህ ከዚያ ያነሰ ቃል ምን እንዳደረገ እኛ እናውቃለን። እህቴ ደጄ ላይ ስትደርስ የነበራት ዓይን ትዝ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ስለ ላሟ ማሰቤን ረስቼ ስለ ራሴ ፈራሁ።

አዴ ጫልቱ ከቡሬ ጭንቅላት አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ሳትነሳ ቀና አለች።

“ማነው ያለው?” አለች በኦሮምኛ። “ሳፋውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቅጠሉን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እጄን ስሰድ ምን አለበት ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠየቅሁም። የሚያወራ ይሂድ፤ የሚረዳ ይቀመጥ።”

ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞራ በእርጋታ “ገመዱን ተወው፣ ወንድሜ። ሐኪሙ አታንቀሳቅሷት ብሏል” አለችው። ኦቦ ገመቹ እኔን አየ፣ ላሟን አየ፤ አላመነም። ግን ገመዱን ጠቅልሎ ያዘና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ እስኪደርስ ቡሬን ሊነካ የሚጠጋውን ሁሉ በዱላው እየገፋ የመለሰው እሱ ነው።

ሐኪሙ ፀሐይ ስትጠልቅ በባጃጅ ደረሰ። ቀጫጫ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የያዘው ወጣት። ማዳመጫውን ከክርኗ ኋላ አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ። “ልቧ ይመታል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይመታል” አለን። መርፌ ወጋት፤ የራሱን የከሰል ዱቄት በጥብጦ አጠጣት። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ አዴ ጫልቱን ላለማየት ይሞክር ነበር። “ነገ ከሰዓት ከደረሰች ትተርፋለች። እንድትነሳ አታስገድዷት። በራሷ ፈቃድ ትነሳ” አለና ሄደ።

ሌሊቱን አልተርክላችሁም። ጥጃው ጮኸ። እሷ በኦሮምኛ ጸለየች፣ እኔ እመቤቴን ለመንኩ። ቦርጫሙ ክፈፉ ሥር ጆንያው ላይ እንደተጋደመ ቀረ፤ ትዝም አላለኝ።

ሲነጋ ቡሬ አልተነሳችም፣ አልሞተችም። ሰዉ እየመጣ እያየ ተመለሰ። ሁለታችን ሣሩ ላይ ጀርባችንን ለበረቱ ግድግዳ ሰጥተን ተቀመጥን።

“ያ የሺ” ብላ በኦሮምኛ ጠራችኝ።

“አቤት፣ አዴ።”

“ተፈራ ይሄን ዛፍ የሚያፈልሰው መቼ ነበር?”

“ከጥምቀት በኋላ።”

“ኤዬ። ፀሐዩ ሲበረታ። በርሜሉን ሲያንከባልል በአጥር እያየሁ ስስቅበት ትዝ ይለኛል። አሁን ግን ጥቅምት ነው።”

ሣር እየነጨሁ ተቀመጥኩ።

“ለምን አሁን?”

“ሥሩ በስብሶ ነበር።”

“ሥሩ ይሁን። ቅርንጫፉስ? ላዩ ደህና ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አበባ አየሁበት።” በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተችና “ቢጫ ባልዲም አየሁ” አለች። “የግማሽ በርሜል ዛፍ ባልዲ ውስጥ የሚከት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?”

መዋሸት እችል ነበር። ደክሞኝ ነው ያልዋሸሁት፤ ጀግና አታድርጉኝ። “ሜሮን ጋ ልሄድ ነው” አልኳት።

“ለገና?”

“ለሁልጊዜ።”

“መቼ?”

“በሚመጣው ሳምንት።”

የቡሬን ጆሮ ትዳብስ ነበር፤ እጇ ቆመ። “መቼ ልትነግሪኝ ነበር?”

“አዳማ ስደርስ... ልደውልልሽ ነበር።”

“ልትደውይልኝ።”

“እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ አዴ። ስንላቀስ እንዳንውል ብዬ።”

“ለኔ አዝነሽ አይደለም። ለራስሽ ነው ያዘንሽው።” ድምፅዋ ከፍ አላለም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። “ቡሬ ብትሞት ላም ናት። አለቅሳለሁ፣ እራባለሁ፣ ያልፋል። ሳታውቂ አድርገሽዋል፣ ሳላውቅ አድርጌዋለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ይሄን ግን አውቀሽ ነው ያደረግሽው። ባሌን ስቀብር ክንዴን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን በአጥሩ እሰዳለሁ፣ ሳፋ የለም፤ እንደዚያ ነበር የምሰማው?”

ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የያዘውን ሣር አራገፈች። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና በበሩ ወጥታ ሄደች። ከላሟ አጠገብ ትታኝ ሄደች!

ሰው ሳይናገር ጥሎ ሲሄድ እንዴት እንደሆነ ያን ጠዋት ቀመስኩት። የሄደችው ሩቅ አልነበረም፤ ኋላ እንደሰማሁት ቤተ ክርስቲያኗ ሄዳ ተቀምጣ ነው የቆየችው። እኔ ግን የማትመለስ መሰለኝ። ከሞት ጋር የምትታገል ላም አጠገብ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቡሬ ነው እንዳልል፣ ለቡሬ ብቻ አልነበረም። ተፈራ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። “ቡሬ፣ በሞቴ ተነሺ” አልኳት፤ “እኔ ነኝ ያስተኛሁሽ፣ ተነሺልኝ።” ላም መለመን ነው የቀረኝ አልኩና ደግሞ በራሴ ሳቅሁ።

ቀትር አለፍ ሲል ጆሮዋን የሚነካትን ዝንብ አባረረች። እኔም ልብ አላልኩትም። ትንሽ ቆይታ አገጯ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያ፣ ወዲህ። መጀመሪያ የምትንቀጠቀጥ መሰለኝ፤ ቀርቤ ሳይ የዋጠችውን መልሳ እያኘከች ነው። እያመሰኳች ነው! ላም ካመሰኳች ሞት ርቋል ማለት ነው፣ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ወደ መንገዱ ሮጬ ወጣሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ፣ ባዶ እግሬን፣ ነጠላዬን ጥዬ።

“ኮቱ! አዴ ጫልቱ፣ ኮቱ! ነይ!”

ከታች ከመንገዱ ማዶ እየመጣች ነበር። ሮጣ ገባች። ከቡሬ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጯን አንገቷ ላይ ለጥፋ ረዥም ጊዜ ቆየች። ቡሬ ይህ ሁሉ ማቀፍ የሰለቻት ይመስል የፊት እግሯን አጠፈች፣ ኋላዋን አነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች። ኦቦ ገመቹ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከኋላችን “እሰይ!” ብሎ ጮኸ፤ ማንም እንዳያየው ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

አዴ ጫልቱ ግን ለኔ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እንባዋን ጠረገች፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች፣ ቤቴ ክፈፍ ሥር ሄደች። ቦርጫሙን ከነጆንያው ጠቅልላ ታቀፈችው። ሆዱ ከብዷት እያቃሰተች በቀዳዳው መልሳ ወጣች።

“ወዴት ነው?” አልኩ።

“ቤቴ።”

“ላምሽን ሊገድል የነበረ ዛፍ ታስገቢያለሽ?”

“ላሜ በረት ናት። እሱን ከፍ አድርጌ መደርደሪያ አሠራለታለሁ፤ ቡሬ መሰላል አትወጣ።” በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችውና ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። “አንቺ ከፈለግሽ ሂጂ። ልጅሽ ናት፣ መብትሽ ነው፣ አልይዝሽም። እሱ ግን እዚህ ይቀራል። እሱን ልታዪ ትመጫለሽ።”



አውቶቡሱ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት መናኸሪያ መሆን የነበረብኝ ሴትዮ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ የአዴ ጫልቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቦርጫሙ ሰው ሳይነካው እነዚያን ቀናት ጆንያ ላይ በመዋሉ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል፤ ተንከባክቤው ቢሆን ኖሮ አጠፋው ነበር። አዴ ጫልቱ አሮጌ የሸክላ ጋን አምጥታ ኦቦ ገመቹን ታቹን አስበሳችው። አሸዋና የከሰል ስባሪ ደባለቅን። እሷ እስከ አንገቱ ልትቀብረው፣ በእጇም ልትጠቀጥቀው ፈለገች።

“ኧረ ተዪ! የቡና ችግኝ አደረግሽው እንዴ? ሆዱ ከላይ ይሁን፣ አየር ይምታው።”

“ይበርደዋል።”

“አይበርደውም።”

ተከልነው። ጣሳዋን አንስታ ውሃ ልታፈስበት ስትል እጇን ያዝኩ።

“ሳምንት ሙሉ ጠብታ አይቀምስም።”

“ዛሬ የተተከለ? በፀሐይ?” ጣሳውን አስቀመጠች። “ጨካኞች ናችሁ፤ አንቺም ተፈራም።”

ስልኬ ጮኸ። ሜሮን ናት። “እማዬ፣ ተሳፈርሽ?”

“እጄ አፈር ነው፣ ልጄ” አልኳት። “በኋላ እደውልልሻለሁ።”

ስደውልላት አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ “ከላም ጋር ልትኖሪ ነው?” አለችኝ። አልፈርድባትም። እስከዛሬም ነገሩ አላለቀም፤ ለበዓል ሄጄ ሰንብቼ እመለሳለሁ፣ ስመለስ እንደገና ታኮርፋለች። አገሩም ሰላም ሆነ፣ ድካሜም ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ዜናው ያው ነው። ማታ በር ስቆልፍ ያው እኔው ነኝ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ያን ጊዜ ብቻዬን ያለሁ መስሎኝ ነበር፤ ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ሲሄድ የሚነግረው ሰው ያለ አይመስለውም። አንባቢዎቼ፣ አሁን በር ዘግታችሁ ዕቃ የምታስሩ ካላችሁ፣ ሂዱ፣ መሄድ ኃጢአት አይደለም። ግን ለአጥር ጎረቤታችሁ ንገሩ። ይላቀሱባችሁ። እናንተም አልቅሱ። ከዚያ በኋላ መሄድ ከቻላችሁ ያን ጊዜ በእውነት ልትሄዱ ነበር ማለት ነው።

ቦርጫሙ አሁንም እሷ በረንዳ ላይ፣ ከኔ ራስ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የቆረጥኩት ቦታ ሁሉ አቆጥቁጧል። እኔ እየሄድኩ አየዋለሁ፣ ሆዱን እጫነዋለሁ፣ ውሃ አጠጥታው እንደሆነ አፈሩን እነካለሁ፤ እሷም እንደተሰረቀባት ሰው በጎን ታየኛለች። ባለፈው ሰሞን ደፍሬ ጠየቅኋት።

“አዴ፣ ዛፌን መቼ ነው የምትመልሺልኝ?”

“ስትሞቺ።”

“ከሞትኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?”

“መቃብርሽ ላይ እተክለዋለሁ።”

“መቃብር ላይማ ዝናብ ይወርድበታል። ይበሰብሳል።”

ዛፉን ቀና ብላ አየች፣ እኔንም አየችኝ።

“እንግዲያው አትሙቺ” አለችኝና ቡሬን ልታልብ ገባች።